መቅረዝና መብራት፤ ስለ ተቋም የሚከራከሩ ሦስት ትምህርቶች በሸርቆሌ አገር ሲመዘኑ

አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ሲነገር ተናጋሪው አንዱን፥ ሰሚው ሁለተኛውን ይዞ ይሄዳል፤ የተስማሙ መስሏቸውም ይለያያሉ። በዚህ ዘመን በትምህርት ቤትና በምክር ቤት፥ በጋዜጣና በአዋጅ የሚነገረው «ተቋም» የተባለው ቃል ከእንደዚህ ያሉት አንዱ ነው። «የትምህርት ተቋም» ሲባል ቤቱ፥ መምህሩ፥ መዝገቡና ማኅተሙ ይታሰባል። «ጋብቻ ተቋም ነው» ሲባል ግን ቤትም ማኅተምም አይታሰብም፤ ባልና ሚስት፥ ወላጅና ጎረቤት ሳይነገራቸው የሚያውቁት ሥርዐት ይታሰባል እንጂ። ስለዚህ ተቋምን አጠናለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያጠና ካልለየ ድካሙ ሁሉ ከመንገድ የወጣ ይሆናል።

የቃሉን ዘር የሚመረምር ሰው ብዙ አይቸገርም። ቆመ ካለው ይወጣል። በግእዝ ተቅዋም ማለት መብራት የሚቆምበት መቅረዝ ነው። መቅረዝ ከወርቅ ቢሠራም መብራት አይደለም፤ መብራትም መቅረዝ ባያገኝ ለቤቱ ሁሉ አያበራም። እንግዲህ በዚህ ፍቺ ድርጅቱ መቅረዝ ነው፤ ሰዎች የሚኖሩበት ሥርዐት ደግሞ መብራት ነው። የቅኔ ቤት ለዚህ ምስክር ይሆናል። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ይበላል፤ ጎጆው ከሣር ተሠርቶ በየጊዜው ይፈርሳል፤ የመግቢያውና የመውጫው ደንብ በወረቀት ተጽፎ አይገኝም። ነገር ግን ማን እንደ ተቀኘ፥ ማን ቤት እንዳፈረሰ፥ ማን ለማስተማር እንደ በቃ የሚታወቅበት ሥርዐት ብዙ መቶ ዓመት ሳይጠፋ ኖሯል። መቅረዙ ከጭቃ ነው፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። በሌላ ወገን ቤቱ ታንጾ፥ ሰሌዳው ተሰቅሎ፥ ማኅተሙ ተቀርጾ፥ የተበደለ ሰው ሲመጣ የሚሰማው የማይገኝበት መሥሪያ ቤት አለ። ይህ መብራት የሌለው መቅረዝ ነው።

የውጭ አገር ሊቃውንትም በዚህ ነገር ሲከራከሩ ኖረዋል። ፒተር ሆልና ሮዝመሪ ቴይለር የሚባሉ ሁለት መምህራን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ባወጡት ጽሑፍ የተቋምን ትምህርት በሦስት ከፍለው አስቀምጠውታል። አንደኛው ሰው ጥቅሙን አስልቶ ይሠራልና ተቋም የስሌቱ ሕግ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ሰው የሚያስበው በተቀበለው ትርጕም ነውና ተቋም የትርጕም ቤት ነው የሚለው ነው። ሦስተኛው ተቋም የታሪክ ቅሪት ነውና አመጣጡን ያላወቀ ምንነቱን አያውቅም የሚለው ነው። ሦስቱም እንደ ሦስት አንድምታ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አይሽረውም፥ ነገር ግን ሁሉም ለአንድ ንባብ እኩል አይስማሙም። የትኛው አንድምታ ለየትኛው ንባብ እንደሚስማማ ለማወቅ ንባቡን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህም የሸርቆሌ አገር የሚሻል ንባብ ነው፤ በአንድ ስፍራ ሕግ በሕግ ላይ፥ ሥርዐት በሥርዐት ላይ ሲነባበር የታየበት አገር ነውና።

ሸርቆሌ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን፥ በሱዳን ጠረፍ አጠገብ የሚገኝ ቆላ አገር ነው። ነዋሪው አብዛኛው የበርታ ሕዝብ ነው፤ ሃይማኖቱም እስልምና ነው። አገሩ ወርቅ ስላለው ከጥንት ጀምሮ የሩቅ መንግሥታት ዐይን አልተለየውም። የግብፅ ገዥ የመሐመድ ዐሊ ጦር በ1820ዎቹ ሱዳንን ከያዘ በኋላ ወርቅ ፍለጋ ወደዚህ ወገን ተሻግሯል። በኋላም ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች ከበርታ ሴቶች የወለዷቸው ወጣዊት የተባሉት ወገኖች ሼኮች ሆነው ቤላ ሻንጉልን፥ አቆልዲን፥ ይኸውም አሶሳን፥ ኾሞሻንም ገዙ። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዘምተው አገሩን ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት አስገበሩ። በ1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ድንበሩን ወሰነ። የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰንም በአዲስ አበባ ታስረው ከቆዩ በኋላ ተፈትተው፥ ለንጉሠ ነገሥቱ ወርቅ እየገበሩ አገራቸውን እንዲገዙ ተደረገ። የጣልያኑ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ በ1981 ስለዚህ አገር የጻፉት መጽሐፍ ከአርእስቱ ጀምሮ ጨውን፥ ወርቅንና የገዥነት መብትን በአንድ ላይ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገር ንግዱና ገዥነቱ ተለያይተው አያውቁምና።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይመዘን። የዚህ ትምህርት አለቃ በ1993 የኖቤልን ሽልማት ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው ዳግላስ ኖርዝ ናቸው። በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ተቋም ማለት የጨዋታው ሕግ ነው፤ ድርጅት ማለት ግን ተጫዋቹ ነው ብለው ሁለቱን ለዩ። ይህ መለየት ለአማርኛ አንባቢ ታላቅ ጥቅም አለው፤ «ተቋም» በሚለው ቃል ውስጥ የተደባለቀውን መቅረዝና መብራት ይለያልና። ከዚህም በቀር ሕጉ የተጻፈም ያልተጻፈም እንደ ሆነ፥ ያልተጻፈውም በቶሎ እንደማይለወጥ ተናግረዋል።

ከእርሳቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ወገን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ወደዚህ ሐሳብ ቀርበው ነበር። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የሕዝብ ድህነት የመሬት ክፋት ሳይሆን የዕውቀትና የአስተዳደር ጕድለት እንደ ሆነ ያስረዳል። ይህም አንባቢውን ከዕድል ወደ ሥርዐት እንዲመለከት ያደረገ ትምህርት ነውና ክብር ይገባዋል።

ነገር ግን ያው 1916 ዓ.ም. የዚህን ትምህርት ድካም የሚገልጥ ነገር አለው። ኢትዮጵያ በ1923 በፈረንጆች አቆጣጠር ወደ መንግሥታት ማኅበር ከገባች በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ። በቤላ ሻንጉል አገር የባሪያ ንግድ ከወርቁ ጋራ የሼኮቹ ኀይል ምሰሶ ነበረ። አዋጁ ሲወጣ ንግዱ ወዲያው አልቆመም። ሌላ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ተጨመረ፤ ፍጹም የሚከለክለው አዋጅም በ1934 ዓ.ም. ወጣ። አንድን ነገር ለመከልከል ሦስት ጊዜ ማወጅ ያስፈለገበት ምክንያት ምንድር ነው? ኖርዝ ይህን ሲመልሱ ሕጉን የሚያስፈጽም አልነበረም፥ ከመታዘዝ ይልቅ አለመታዘዝ ያተርፍ ነበር ይላሉ። መልሱ እውነት ነው፥ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ንግዱ ከቆመ በኋላ፥ ማንም ከማንም ምንም የማያተርፍበት ዘመን ከመጣ በኋላ፥ «የእገሌ አያት ተገዝቶ የመጣ ነው» የሚለው ንግግር በብዙ የኢትዮጵያ አገር ለጋብቻና ለመቃብር ሳይቀር ሰውን ሲለይ ኖሯል። ይህን የትርፍና የኪሳራ ስሌት አይፈታውም።

ከዚሁ ትምህርት ወገን ሆነው የተሻለ ያዩት ኤሊኖር ኦስትሮም ናቸው። እርሳቸውም በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕግ ከላይ ብቻ እንደማይወርድ፥ የጋራ ግጦሽና የመስኖ ውኃ ያላቸው ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው፥ ራሳቸው ጠብቀው፥ አጥፊውን ራሳቸው ቀጥተው ብዙ መቶ ዓመት እንደ ኖሩ ከስዊስ ተራሮችና ከእስፓኝ የመስኖ አገሮች አስረድተዋል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ምሳሌው ቅርብ ነው። በመንዝ የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባል ሥርዐት ይጠበቅ ነበር፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ተከልክሎ፥ ሲደርስ በአለቃው ፈቃድ ይታጨድ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስት መብትን ሲሽር ይህ ሥርዐት አብሮ ተናጋ፤ ሣሩም ያለ ልክ ታጨደ። በኋላ የአገሩ ሰዎች በአዲስ ስምና በአዲስ ኮሚቴ ጥበቃውን እንደ ገና አቆሙት። አዋጁ ጓሳን ለማጥፋት የወጣ አልነበረም፤ የርስትን በደል ለማስቀረት እንጂ። ነገር ግን አዋጅ አውጪዎቹ ያዩት መቅረዙን ብቻ ነበርና፥ አሮጌውን መቅረዝ ሲሰብሩ በላዩ የነበረውን መብራት አላዩም።

ይህ ወደ ሸርቆሌ ሲመለስ የወርቁን ነገር ያስጠይቃል። በበርታ አገር ሴቶች በበጋ ወራት ከወንዝ ዳር አፈር እየቆፈሩ፥ በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ፤ ይህም የቤታቸው መደገፊያ ነው። በመንግሥት ሕግ ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፥ በባሕላዊ መንገድ ለሚቆፍርም ፈቃድ ይሰጣል። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው የመጀመሪያውን ጕድጓድ ማን እንደ ጀመረው፥ ለማን እንደሚገባ፥ ጠብ ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ ሴቶቹን ሳይጠይቅ ወረቀት ቢሰጥ የጓሳው ነገር በወርቁ ይደገማል። ኦስትሮም የሚያስተምሩት ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅን ነው፤ ስለዚህም ከመምህራቸው ወገን ሁሉ ይልቅ ለዚህ አገር ይጠቅማሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ሰው ጥቅሙን ከማስላቱ በፊት ጥቅም ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ከማኅበሩ ነው ይላል። ጆን ሜየርና ብራያን ሮዋን በ1977፥ ፖል ዲማጂዮና ዋልተር ፓወል በ1983 የጻፉት ይህን ነው። እንደ እነርሱ አነጋገር ድርጅቶች እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉት መመሳሰሉ ሥራን ስለሚያቀና ብቻ አይደለም፤ ያልተመሳሰለ እንደ ሕገ ወጥ ስለሚታይ ነው። መመሳሰሉም በግዴታ፥ በመኮረጅና ከአንድ ትምህርት ቤት በመውጣት ይመጣል።

ይህ ትምህርት በሸርቆሌ ስም በሚጠራው የስደተኞች መጠለያ በግልጥ ይታያል። መጠለያው በ1997 በፈረንጆች አቆጣጠር ተከፈተ። ከሱዳን፥ ከደቡብ ሱዳን፥ ከታላላቅ ሐይቆችም አገር የመጡ ሰዎች ተቀምጠውበታል፤ በ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር በብሉ ናይል ጦርነት ሲነሣም ብዙ ሕዝብ ወደዚህ ጠረፍ ተሰዷል። በዚህም፥ በኢትዮጵያ ባሉት በሌሎቹ ብዙ መጠለያዎችም፥ በምርጫ የቆመ የስደተኞች ኮሚቴ ይገኛል፤ ሊቀ መንበር አለው፥ የሴቶችና የወጣቶች ክፍል አለው። ኮንጎ የተወለደውና ብሉ ናይል የተወለደው፥ በአገራቸው የማይመሳሰል አስተዳደር የነበራቸው ሰዎች፥ በአንድ ዐይነት መልክ ይደራጃሉ። ረድኤት ሰጪው ሊያነጋግረው የሚችል መልክ ያ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ይህን ከመጀመሪያው ይልቅ አጥርቶ ያያል። ከላይ የተባለውንም የትውልድ ንግግር፥ ሕግ ሽሮት ያልሞተውን፥ ይህ ትምህርት ይፈታዋል፤ ሰው የሚያየው በተማረው ዐይን ነውና።

ነገር ግን የዚህ ትምህርት ጕድለት ከባድ ነው። መልኩን አይቶ ሥራውን ይረሳል። ኮሚቴው ለይምሰል የቆመ ነው ብሎ ይፈርድና በዚያው ኮሚቴ የራሽን ካርድ የተወሰደባት መበለት ካርዷን ማስመለስዋን ወይም አለማስመለስዋን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ከውጭ የተኮረጀ ሁሉ ባዶ አይደለም፤ የተኮረጀ መቅረዝም መብራት ሊሸከም ይችላል። ዳግመኛም፥ ሰው ሁሉ በተማረው ዐይን ብቻ የሚያይ ከሆነ የባርነትን ነገር ነውር ነው ብሎ መጀመሪያ የተነሣው ሰው ዐይኑን ከወዴት አመጣው? ይህን ትምህርቱ አይመልስም።

ሦስተኛው ትምህርት የታሪክ ነው። ካትሊን ቴለንና ባልንጀሮቻቸው ተቋም ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ፈርሶ በአንድ ቀን እንደማይሠራ፤ አሮጌው ሳይፈርስ አዲሱ በላዩ እንደሚነባበር፥ ወይም አሮጌው ስሙን ሳይለውጥ ለሌላ ሥራ እንደሚውል አስተምረዋል። የሼክ ሆጀሌ ነገር የዚህ ምሳሌ ነው። የሼክነቱ ስም አልተለወጠም፤ ሥራው ግን ተለወጠ። አስቀድሞ ለራሱ ይገዛ የነበረው ወንበር በኋላ ለአዲስ አበባ ወርቅ መሰብሰቢያ ሆነ። መንግሥቱ አዲስ መቅረዝ ለማቆም አልደከመም፤ የቆመውን ወሰደ እንጂ።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ የቃዲ ፍርድ ቤት ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቃዲዎችን ፍርድ ቤት በሕግ አቆመ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በ3347ኛው አንቀጽ፥ ሕጉ በሚመለከተው ነገር ሁሉ ከዚያ በፊት የነበረው የተጻፈም ሆነ የልማድ ሕግ እንዲሻር አዘዘ። ሕጉን የረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ለአገሩ ሁሉ አንድ ሕግ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እንደ ቃሉ ቢሆን ኖሮ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ የቃዲው ዳኝነት በቀረ ነበር። ነገር ግን ቃዲው መፍረዱን ቀጠለ፤ መንግሥቱም ዝም አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ፥ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በግልና በቤተ ሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ መዳኘት እንደሚቻል ሲደነግግ፥ ከ30 ዓመት በላይ በሥራ የነበረውን በጽሑፍ መመስከሩ ነበር። ሦስተኛው ትምህርት ባይኖር ይህ ነገር ምሥጢር ሆኖ በቀረ ነበር።

የዚህም ትምህርት ድካም አለ። የሆነውን ሁሉ ከሆነ በኋላ ያስረዳል፤ ንብርብሩን እየገለጠ ሲያሳይ አንባቢው ይደሰታል፥ ነገር ግን ዛሬ በላይኛው ንብርብር ላይ የሚኖረው ሰው የተጫነውን ሸክም አይመዝንም። ነገሩ ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው ይመልሳል፤ እንዲህ መሆኑ ማንን ጎዳ ለሚለው ግን ዝም ይላል።

ሦስቱን ለማስታረቅ የሞከሩ አልጠፉም። ሪቻርድ ስኮት በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ ተቋም በሦስት ምሰሶ ይቆማል ብለዋል፤ እነርሱም የሚያስገድድ ሕግ፥ የሚያሳፍር ግዴታ፥ ሳይጠየቅ የሚታመን ሐሳብ ናቸው። ይህ አነጋገር ለተማሪ መልካም ነው፥ ለማስታወስም ይመቻል። ነገር ግን በሥዕል ሦስቱ ምሰሶዎች እኩል ቁመት ቢኖራቸውም በቤት ውስጥ እኩል አይሸከሙም። የሚሸከመው የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ቤቱ ሲናወጥ ነው፤ ይኸውም ሰው ሲበደል ነው።

ስለዚህ መመዘኛው ይህ ይሁን። በሸርቆሌ አገር አንዲት ሴት ባሏ ያለ አግባብ ከቤት ቢያስወጣት ወደ ማን ትሄዳለች? ደጁ አራት ነው። የአገር ሽማግሌ አለ፤ ቃዲ አለ፤ የወረዳ ፍርድ ቤት አለ፤ ፖሊስ አለ። ስደተኛ ብትሆን አምስተኛ ደጅ፥ የመጠለያው ኮሚቴ ይጨመራል። የመጀመሪያው ትምህርት፥ ደጅ መብዛቱ መልካም ነው፥ የሚሻላትን ትምረጥ ይላል። ሁለተኛው ትምህርት፥ የምትመርጠው ጎረቤቷ የሚያከብርላትን ደጅ ነው ይላል። ሦስተኛው ትምህርት እነዚህ ደጆች መቼና በማን እንደ ተከፈቱ ይነግራታል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። ነገር ግን የነገሩ ቍልፍ በሕገ መንግሥቱ «ከፈቀዱ» በተባለው ቃል ላይ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ብትሄድ ዘመዶቿ የሚለዩዋት ከሆነ፥ በቃዲው ፊት «ፈቅጃለሁ» ማለትዋ ፈቃድ ነውን? ወይስ የወረዳው ፍርድ ቤት መንገዱ ሩቅ፥ ቋንቋው ባዕድ፥ ቀጠሮው ብዙ ስለ ሆነባት ሽማግሌውን ብትመርጥ፥ መምረጥዋ ለሽማግሌው ክብር ነውን ወይስ ለፍርድ ቤቱ ነቀፋ?

ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ከመጽሐፍ አይጀምርም፤ ከተበደለው ይጀምራል። አስቀድሞ ወደ ማን እንደ ሄደች ይጠይቃል፤ ይህ መብራቱን ያሳየዋል። ቀጥሎ ወደ ሌላው ለምን እንዳልሄደች ይጠይቃል፤ በዚህ የኖርዝ ስሌትና የእነ ሜየር ትርጕም ይረዱታል። በመጨረሻም ያልሄደችበት ደጅ እንዴት ተከፍቶ እንዴት እንደ ተዘጋ ይጠይቃል፤ በዚህ የእነ ቴለን ታሪክ ይረዳዋል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፥ ከትምህርቱ ተነሥቶ ወደ ሰው ሲመጣ፥ አጥኚው ሊያገኘው የፈለገውን ብቻ ያገኛል።

የአገር ሕግ የሚያወጡም፥ በጠረፍ አገር ድርጅት የሚያቆሙም ይህን ቢያስተውሉ የ1916ቱ አዋጅ ድካም፥ የ3347ኛው አንቀጽ ትዕቢት፥ የጓሳውም ጥፋት አይደገምም። አዲስ መቅረዝ ማቆም ነውር አይደለም፤ አሮጌውም መቅረዝ አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ አይቀደስም፤ ባርነትም አሮጌ ነበረና። ነገር ግን መቅረዝ የሚያነሣ ሰው አስቀድሞ በላዩ መብራት መኖሩንና ያ መብራት ለማን እንደሚያበራ፥ ማንንም በጨለማ እንደ ተወ ይመልከት።